የቀለም ውሃን በፀሐይ ማጥራት፦ ለድሬዳዋ የትኛው ዘዴ ያዋጣል?

ደቻቱ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያቀልም አንድ ወዳጅ አለኝ። የነጣ ጂንስ ይዛችሁለት ብትሄዱ ጥቁር አድርጎ ይመልስላችኋል። እጁ ጥሩ ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት ቀይ ሆኖ በቱቦ ይወጣና አሸዋው ላይ ይፈስሳል። ጎረቤት አጉረመረመ፣ ቀበሌ ጠራው። በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አየ። ነጭ ዱቄት ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሮጦ መጣ። «አቦ፣ እኛ ከፀሐይ በላይ ምን አለን? የዱቄቱን ስም ንገረኝና ልግዛ!»

ስሙን አልነገርኩትም። «መጀመሪያ ውሃህን አሳየኝ» አልኩት። ቅር አለው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሱና እንደሱ ለተቸገሩ ነው። አነስተኛ ማቅለሚያ ወይም ልብስ ማጠቢያ ላላቸው፣ ዕቃ ላቅርብ የሚል ነጋዴ በራቸውን ለሚያንኳኳ፣ የመመረቂያ ሥራቸውን በዚህ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎችም ይሆናል። የኩባንያ ስም አላነሳም። ገበያ ላይ ያለው ዱቄት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የሚለያያቸው ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈው አይደለም።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል ለሚል፦ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሌላ አገር ፋብሪካ ወንዝ ውስጥ ሲለቅ ወንዙ ቢያንስ ያቀጥነዋል። እዚህ የሚያቀጥነው የለም። የፈሰሰው ወደታች ይሰርጋል። ከተማዋ ደግሞ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው።

ዱቄቱ ምን ይሠራል?

ዱቄቱ ፎቶካታሊስት ይባላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ፣ ሥራውን ሠርቶ ግን ራሱ የማያልቅ ነገር ነው። ብርሃኑ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ከቦታው ያስነሳዋል። በተለቀቀው ክፍት ቦታ በኩል ከውሃው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ነገር ይፈጠራል። ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ያገኘውን ይቦጫጭቃል። ኬሚስቶች የዚህን ዓይነት ጉልበት በቮልት ይለካሉ። የክሎሪን 1.36፣ የኦዞን 2.07፣ የሃይድሮክሲል ራዲካል 2.8 ገደማ ነው። የማቅለሚያ ሞለኪውል ሲያገኘው ይቆራርጠዋል፤ ጊዜ ከተሰጠው እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ድረስ ያደርሰዋል። መንገዱን የከፈቱት ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ (ዋናው ፎቶካታሊስት) ላይ ብርሃን አሳርፈው ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን መለየት እንደሚቻል አሳዩ።

ነጋዴ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ይህ ዘዴ ጨው አያወጣም። እርሳስና ካድሚየምን የመሰሉ ብረቶችን አያጠፋም፤ ብረት እንደ ቀለም ተቆራርጦ አይጠፋምና። ጭቃ የመሰለ ድፍርስ ውሃም አይገፋም። ጥሩ የሚሠራው ቀጠን ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሌላ ዘዴ ያልበገረው ቀለም ወይም ኬሚካል የቀረበት ውሃ ላይ ነው። ከምግብ ጋር ብናመሳስለው ማባያ እንጂ እንጀራ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያውና ትልቁ ጥያቄ የውሃችሁ ጠባይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

የድሬ ልጅ የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ውሃችን ከኖራ ድንጋይ መሀል የሚወጣ፣ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ባይካርቦኔት ደግሞ ሃይድሮክሲል ራዲካልን ይሻማል። ቀለሙን ሊቆርጥ የተወለደው ራዲካል መንገድ ላይ ባይካርቦኔት ይበላዋል። በዚህ ላይ ማቅለሚያ ቤቱ የራሱን ይጨምራል። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚጣበቅ፣ በውሃ የሚሟሟ ቀለም) ሲነከር ቀለሙ እንዲይዝ ሶዳ አሽ ይገባል። ሶዳ አሽ ሌላ ሳይሆን ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ካርቦኔቱ ከባይካርቦኔትም የባሰ ሻሚ ነው። ጨውም በየሊትሩ በአሥሮች ግራም ይጨመራል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ በተጣራ ውሃ የታየው ነገር ወዳጄ በርሜል ውስጥ ቢሞከር በዚያ ፍጥነት አይሄድም። ሰውየው አልዋሸም፤ ውሃው ሌላ ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ውሃ መለየት ነው። ጨውና ሶዳው በብዛት ያለው የመጀመሪያው መንከሪያ ውሃ ውስጥ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ማለቅለቂያዎች ቀጠን ያሉ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቱቦ መልቀቅ ደጉን ውሃ ከክፉው ጋር ማበላሸት ነው። ሁለት ቧንቧ፣ ሁለት ሮቶ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብርሃን ነው። ፀሐይ ሞልቶናል፣ እውነት ነው። ድሬ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ናት፤ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ይሁን እንጂ የተለመደው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር ባጠረ ሞገድ ብቻ ነው፤ ማለትም በአልትራቫዮሌት። ይህ ከፀሐይ ብርሃን ከ5 በመቶ አይበልጥም። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በካሬ ሜትር ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል፤ ዱቄቱ የሚጠቀምበት ከ30 እስከ 50 ዋት ያህሉን ነው። የቀረው ያሞቀናል፣ ያ ነው። አቧራ እንዳይገባ ብላችሁ በፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ከሸፈናችሁት ደግሞ ያቺኑም ትከለክላላችሁ።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ወተት ይመስላል፤ ብርሃን ብዙ አይገባለትም። ስለዚህ ውሃው ጥልቅ መሆን የለበትም። 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብትይዙ አንድ ካሬ ሜትር ትሪ 50 ሊትር ይችላል። 1,000 ሊትር በአንድ ጊዜ ለማጽዳት 20 ካሬ ጣራ ወይም ግቢ ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙዎች ሐሳባቸውን የሚቀይሩት ይህችን ሒሳብ ሲሠሩ ነው።

አራተኛው፦ ዱቄቱን በምን ትመልሱታላችሁ? ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በጨርቅ አይጣራም። ውሃውን አጽድቶ ዱቄቱን አብሮ መልቀቅ አንዱን ብክለት በሌላ መተካት ነው።

አምስተኛው ኬሚካልና ዝቃጭ፣ ስድስተኛው ደግሞ የሚጠብቀው ሰው። ፒኤች (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካሊነት የሚያሳይ ቁጥር) የሚለካ፣ ዝቃጭ የሚያወጣ፣ ትሪ የሚያጥብ አንድ ሰው ከሌለ የትኛውም ዘዴ በሦስት ወሩ አቧራ ይለብሳል።

የመጨረሻው፣ መጽዳቱን በምን ታውቃላችሁ? ቀለም መጥፋት ጽዳት አይደለም። አዞ (azo) የሚባሉት ማቅለሚያዎች ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆረጡ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ፣ አንዳንዶቹ ከቀለሙ የከፉ ነገሮች ሊተርፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቢያንስ አንዴ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ ሲኦዲ የሚባለውን አስለኩ። ውሃው ውስጥ የሚቃጠል ቆሻሻ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የኢንዱስትሪ ብክለት ደንብ ቁጥር 159/2001 አሉ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ነጥቷል እኮ» ማለት መልስ አይሆንም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በዱቄት መልክ።* የሁሉም ታላቅ ወንድም ነው። አይሟሟም፣ በአሲድም በአልካሊም አይበገርም፣ ደጋግሞ ይሠራል። በፀሐይ ለሚሠራ ማጽጃ በሊትር ከ0.2 እስከ 1 ግራም ይበቃል። ከዚያ በላይ ቢጨመር ውሃውን እያጨለመ ብርሃን ይከለክላል እንጂ አያፈጥንም።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለሙከራ ከአንድ የቀለም ዕቃ ሱቅ «ያው ነው» ተብዬ ነጭ ዱቄት ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይላል፤ ውሸትም አልነበረውም። ሦስት ቀን ጣራ ላይ አዋልኩት። ውሃው ሰማያዊ፣ እኔ ከሰል። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በኋላ ነው የገባኝ። ለግድግዳ ቀለም የሚሠራው ዱቄት ሆን ተብሎ በአሉሚና ወይም በሲሊካ ይሸፈናል። ካልተሸፈነ ፀሐይ ሲመታው የተቀባበትን ቀለም ራሱን ይበላዋላ! ብዙውን ጊዜ ዓይነቱም ሩታይል የሚባለው ነው። እናንተ የምትፈልጉት ያልተሸፈነ፣ በአብዛኛው አናታዝ የሚባለው ሌላው ዓይነት የሆነ ነው። ምርምር ላይ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ዱቄት ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ አናታዝ፣ የቀረው ሩታይል ነው። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አናታዝ ነው ወይ? ተሸፍኗል ወይ? ካላወቀ አትግዙ።

ድክመቱ መልሶ መሰብሰቡ ነው። ጥሩ ዜናው ፒኤች ወደ 6.5 አካባቢ ሲሆን ቅንጣቶቹ መገፋፋት ትተው ይያያዛሉ፤ የኛ ጠጣር ውሃም በዚህ ያግዛል። ማታ ካቆማችሁት ጠዋት አብዛኛው ወርዶ ታገኙታላችሁ። የላይኛውን ቀስ ብሎ መቅዳት፣ ከዚያ በአሸዋ ማሳለፍ ነው። ደረቁን ዱቄት ስትመዝኑ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በትንፋሽ የሚገባውን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ተርታ መድቦታል።

*በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቲታኒየም።* ዱቄቱ መስታወት፣ ሴራሚክ ወይም ጠጠር ላይ ተለጥፎ ውሃው በላዩ ይፈስሳል። የማጣራት ጣጣ የለም። ለእኔ ልብ የሚስበው ይሄኛው ነው። በሽታው ግን ሁለት ነው። አንደኛ ዝግተኛ ነው። ቀለሙ ራሱ ሄዶ ሰሌዳውን መንካት አለበት፤ ዱቄት ግን ውሃው ውስጥ ተበትኖ ቀለሙን ካለበት ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በእኛ ውሃ ሰሌዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። በየጊዜው በኮምጣጤ ወይም በቀጭን አሲድ ማጠብ ግድ ነው። ቤት ውስጥ መለጠፍ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ጥሩ ሽፋን እንዲይዝ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ መጠበስ አለበት። የዳቦ ምድጃ እዚያ አይደርስም።

*ዚንክ ኦክሳይድ።* ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ በቅባት መልክ ፋርማሲ ውስጥም አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዳንዴ ቲታኒየሙን ይቀድመዋል። ነገር ግን አሲድ ያሟሟዋል፤ ጠንካራ አልካሊም እንዲሁ። ፀሐዩ ራሱም ቀስ እያለ ይበላዋል። የተሟሟው ዚንክ ውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ነው። ፒኤቹ ከ7 እስከ 8 ለሆነ ውሃ ለሙከራ ይሆናል። ለዘለቄታ ግን አልመክርም።

*የፀሐይ ፌንተን።* ይህ ሲነገርለት የማይሰማ፣ ሲሠራ ግን የሚያስደንቅ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 የብረት ጨውና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያቃጥሉ ጻፈ። ብርሃን ሲጨመርበት ያገለገለው ብረት ታድሶ እንደገና ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙ ከአልትራቫዮሌት አልፎ የሚታየውን ብርሃን ጥቂት መጠቀሙ ነው። ስለዚህ ከቲታኒየም ይፈጥናል። አልሜሪያ፣ ስፔን የሚገኘው የፀሐይ ምርምር ጣቢያ ሁለቱንም ለዓመታት ሞክሯቸዋል፤ ከኋላቸው የታጠፈ የአሉሚኒየም መስታወት ባላቸው የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ።

ዋጋው የሚከፈለው በኬሚካል ነው። ፒኤቹ ወደ 2.8 መውረድ አለበት። ያን ያህል አሲድ ሶዳ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ለስላሳ ይፈላል፤ ቀስ ብሎ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ በመነጽርና በጓንት። በጎ ጎኑ በዚያው ካርቦኔቱ በጋዝ መልክ ይወጣል፤ ያ የድሬ ውሃ ሻሚ አብሮ ተባረረ ማለት ነው። ሲያልቅ በኖራ ወደ 7 ወይም 8 ይመለሳል፤ ብረቱ ዝገት መስሎ ይዘቅጣል። ዝቃጩ ይደርቃል፣ ይቀመጣል፣ በአግባቡ ይወገዳል። ፐርኦክሳይዱን ደግሞ በእኛ ሙቀት ጠብቁት። ሙቀት ይበታትነዋል፣ ኦክስጅን ይለቃል፣ ጥርቅም ያለ ጀሪካን ያብጣል። ጥላ ሥር፣ መተንፈሻ ባለው ክዳን ይቀመጥ፤ ልጆች በማይደርሱበት። የተረፈ ፐርኦክሳይድ የሲኦዲ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይም እወቁ። ላቦራቶሪው ካልተነገረው በከንቱ ትደነግጣላችሁ።

*በሚታይ ብርሃን የሚሠሩት አዳዲሶቹ።* ካርቦን ናይትራይድ ዋናው ነው። እስከ 460 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይጠቀማል፤ ከዩሪያ ወይም ከሜላሚን በ550 ዲግሪ አካባቢ ተጠብሶ ይሠራል። ተማሪዎች ይወዱታል፤ እኔም እወድላቸዋለሁ። ማቅለሚያ ቤት ግን ገና አልደረሰም። ጽሑፎቹን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የሚሞክሩት በሚቲሊን ብሉ ነው። ሚቲሊን ብሉ ራሱ ብርሃን የሚጠጣ ቀለም ነው፤ ስለዚህ መንጣቱ ብቻውን የዱቄቱን ጉብዝና አያረጋግጥም።

*በመብራት የሚሠራ።* ፀሐይ ሳይጠብቁ ሌሊትም ይሠራል፣ ቦታ አይፈጅም። ግን መብራት ሲሄድ ይቆማል፤ ሲሄድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የመብራቱ መስታወት በጠጣር ውሃ ቅርፊት ይለብሳል፣ ሲለብስ ብርሃኑ አይወጣም። የድሮዎቹ መብራቶች ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሲሰበሩ ሌላ መዘዝ ነው። ውሃው ጥቂት፣ ቆሻሻው አደገኛ ለሆነበት ላቦራቶሪ ወይም ክሊኒክ ሊያዋጣ ይችላል።

*ብርሃን የማይሹት።* ንጽጽሩ ያለ እነሱ ሙሉ አይሆንም። በአሉሙኒየም ሰልፌት ወይም በብረት ጨውና በኖራ ማዝቀጥ ርካሽ ነው። በውሃ የማይሟሙትን፣ ለምሳሌ የፖሊስተር ቀለሞችን፣ በደንብ ያወርዳል። የሚሟሙትን ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን እምብዛም። አክቲቬትድ ካርቦን ደግሞ ቀለሙን ይይዛል እንጂ አያጠፋም፤ ሲሞላ ራሱ ቆሻሻ ይሆናል። የማንደጃ ከሰል አድቅቆ መጨመር ብዙም አይፈይድም፤ ከሰሉ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ቀዳዳው መከፈት አለበት። በየገበያው የሚከመረው የጫት ገራባ ወደዚህ ዓይነት ከሰል ቢቀየር ብዬ ሁሌ አስባለሁ፤ ጥሬ ዕቃው እንኳን አያልቅብንም።

በአንድ ዓይን ለማየት

| ዘዴ | ለየትኛው ውሃ | ፍጥነት | ቦታ | ኬሚካልና ዝቃጭ | ዋና ራስ ምታት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቲታኒየም ዱቄት በፀሐይ | ቀጭን ማለቅለቂያ | መካከለኛ | ሰፊ | ጥቂት | ዱቄቱን መመለስ | መካከለኛ |
| ቲታኒየም በሰሌዳ | በጣም ቀጭን፣ የጠራ | ዝግተኛ | በጣም ሰፊ | ጥቂት | ቅርፊት | መነሻው ከፍ ይላል |
| ዚንክ ኦክሳይድ | ፒኤች 7–8 | መካከለኛ | ሰፊ | ጥቂት | የሚሟሟ ዚንክ | ዝቅተኛ |
| የፀሐይ ፌንተን | ጠንከር ያለ ቀለም | ፈጣን | መካከለኛ | ብዙ | አሲድ፣ ፐርኦክሳይድ | የዘወትር ወጪ |
| ካርቦን ናይትራይድ | ለምርምር | ይለያያል | ሰፊ | ጥቂት | ገበያ ላይ አለመኖሩ | — |
| በመብራት | ጥቂትና አደገኛ | መካከለኛ | ጠባብ | ጥቂት | ኤሌክትሪክ፣ ቅርፊት | ከፍተኛ |
| ማዝቀጥ | ድፍርስ፣ የማይሟሟ ቀለም | ፈጣን | ጠባብ | ብዙ ዝቃጭ | ሪአክቲቭ ቀለም | ዝቅተኛ |
| አክቲቬትድ ካርቦን | የመጨረሻ ቅሪት | ፈጣን | ጠባብ | ያገለገለ ከሰል | ቶሎ መሙላቱ | መካከለኛ |

ሳትገዙ በፊት በሦስት ሰሃን ሞክሩ

ከየትኛውም ሻጭ ናሙና ስትቀበሉ ሦስት ነጭ ሰሃን አውጡ። ሦስቱም ውስጥ ከራሳችሁ ማለቅለቂያ እኩል ውሃ ይግባ። አንደኛው ዱቄት ኖሮት ፀሐይ ላይ ይዋል። ሁለተኛው ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ። ሦስተኛው ዱቄት ኖሮት ጨለማ ውስጥ፣ ተሸፍኖ። ያለ ዱቄቱ ከነጣ ፀሐይ ብቻዋን ናት የሠራችው፤ ልብስ ገመድ ላይ እንደሚነጣው። ጨለማ ያለው ከነጣ ደግሞ ዱቄቱ ቀለሙን ጠጣው እንጂ አልቆረጠውም፤ የታችኛውን ዝቃጭ እዩት፣ ቀለም ለብሶ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ብቻ ከነጣ፣ አዎ፣ አሁን እናውራ።

አንዲት ጥንቃቄ፦ የድሬ ፀሐይ ውሃውንም ይጠጣል። ከጥዋቱ የሰሃኑን ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማታ የጎደለውን በንጹህ ውሃ ሙሉና ከዚያ አወዳድሩ። አለበለዚያ የተነነው ውሃ ቀለሙን አወፍሮ «አይሠራም» ያሰኛችኋል።

እንደ አቅማችሁና እንደ ውሃችሁ

ገንዘብ ከሌላችሁ፣ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። መንከሪያውንና ማለቅለቂያውን ለዩ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለቀጣዩ ልብስ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ አድርጉት፤ ውሃም ይተርፋል፣ የሚጸዳውም ይቀንሳል። ጨው የበዛበትን መንከሪያ ጥልቀት በሌለው፣ መሬት በማያሰርግ ገንዳ ላይ ለፀሐይ ስጡት። ለማትነን ከድሬ የተሻለ አገር የት አለ? የሚቀረው ደረቅ ጨውና ቀለም በጆንያ ይያዛል፣ አሸዋ ውስጥ አይሰርግም።

ትንሽ አቅም ካላችሁና የምትነክሩት በብዛት ፖሊስተር ከሆነ ማዝቀጥ ይበቃችኋል። ፎቶካታሊስት ለእናንተ ትርፍ ወጪ ነው።

ጥጥ የምትነክሩ፣ በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ማለቅለቂያ የሚወጣችሁ፣ 10 ካሬ ያህል ጣራ ያላችሁ ደግሞ ቲታኒየም ዱቄት በትሪ መሞከር ያዋጣችኋል። አስቀድማችሁ ግን አዝቅጡ፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ዱቄት መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ጣራው ክብደቱን መቻሉን አስመርምሩ። 500 ሊትር ግማሽ ቶን ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ቆርቆሮ ነው።

መጠኑ ብዙ፣ ቦታው ጠባብ፣ ቀለሙ ጠንካራ ከሆነና የኬሚካል ባለሙያ ቀጥራችሁ ማቆየት ከቻላችሁ የፀሐይ ፌንተንን አስቡ። ባለሙያ ከሌለ አትንኩት። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ጠንካራ አሲድና ፐርኦክሳይድ አንድ ግቢ ውስጥ ልጆች ከሚሮጡበት ቦታ ጋር አይስማሙም።

ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም መኖሪያ ከሆነ ውሃችሁ ዘይትና የምግብ ትራፊ ነው። ለዚያ ባክቴሪያ ከማንኛውም ዱቄት ይሻላል፣ ይረክሳልም። ዱቄት ሊሸጥላችሁ የመጣውን ሰው ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ናችሁ፤ አልትራቫዮሌቱ ትንሽ በርታ ይላል፣ ደመናውም እንዲሁ ይበዛባችኋል። የሰሃኑን ሙከራ በበጋም በክረምትም አድርጉት።

ወዳጄ ምን አደረገ? አሁን ሁለት ሮቶ አለው፤ በአንዱ ላይ «ጨው»፣ በሌላው ላይ «ቀጭን» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፏል። ቀጭኑን በአሉሙኒየም ሰልፌት ያዘቅጣል፣ ከዚያ አራት ትሪ ላይ በዱቄት ያውለዋል፣ ማታ ያቆመዋል፣ ጠዋት ይቀዳል። ጥቁር ቀለም እስካሁን አስቸግሮታል፤ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሰማያዊው በአንድ ቀን ይሄዳል። ጨዋማውን ጓሮው ውስጥ በሠራው ገንዳ ያተንናል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ትሪው ውስጥ ድመት ገብታ ነጭ ሆና ወጣች» አለኝ። አሁን የወንፊት ሽቦ እየፈለገ ነው።